በጎሚስታው ጓዳ የተኛችው በሽተኛ

በ1975 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ወልድያ ላይ እንዲህ ተባለ፦ የጎሚስታው የካሕሱ ልጅ ብርኽቲ ከበረሃ ቆስላ መጥታለች፤ አባቷ ጓዳ ውስጥ ደብቆ እያስታመማት ነው።

ወሬው በጠዋት ከአዳጎ ሰፈር ተነሣ፤ የደሴን አውቶቡስ መንገድ ላይ ቀድሞ መርሳ ገባ፤ ውርጌሳ ላይ ሻይ ጠጣ፤ ግራና ገበያ ላይ ደግሞ ወለደ። ወልድያ ላይ አንድ እግሯን ብቻ የተመታችው ብርኽቲ መርሳ ስትደርስ ሁለቱንም ተመትታ ነበር፤ ግራና ላይ ጭራሽ እግር የሚባል ነገር አልነበራትም። አንድ የግራና በሬ ነጋዴም ቁስሏን ያየውን ሰው ያየ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ወላሂ አለ።

ማስረጃ አልጠፋም። የካሕሱ የጓዳ መስኮት በጠራራ ፀሐይ በወታደር ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ሰውየው በየሁለት ሰዓቱ የሾፌር ጎማ መንገድ ላይ ጥሎ ወደ ጓዳ ይሮጣል። ከግድግዳው ወዲያ በትግርኛ ቀስ ብሎ ሲያወራ ይሰማል። ከሁሉም በላይ ግን መርሳ ባለው የወባ መከላከያ መዝገብ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል፦ ብርኽቲ ካሕሱ፣ ሴት፣ ዕድሜ ሃያ ሰባት፣ ትኩሳት፣ ክሎሮኪን ወስዳለች። ከመንግሥት መዝገብ ወዲያ ምን ማስረጃ ይመጣል?

የሆነ ሆኖ ከካሕሱ ጎማ ቤት ጎን ሻይ ቤት ያላት ዘነበች ነገሩ አልዋጥ አላት። ካሕሱ ዳቦ የሚገዛው ከእሷ ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ አንድም ቀን ሦስተኛ ዳቦ ጠይቋት አያውቅም። የቆሰለ ሰው ባይበላ እንኳ ጠያቂ ይበላለታል። ደግሞ በሽተኛ ያለበት ቤት የሚታጠብ ጨርቅ አያጣም፤ የካሕሱ ገመድ ላይ የሚሰጣው ግን ያችው አንድ ሸሚዝና ያው አንድ ሱሪ ነው። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ብትለጥፍ ሳልም ማቃሰትም የለም፤ እንደሚፈላ ድስት ቡል ቡል የሚል ነገር ብቻ ነው። ዘነበች ሁለት ልብ ሆነች። ሁለት ልብ መሆኗ ግን ወሬውን ከማውራት አላገዳትም።

ካሕሱ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በእጁ የያዘው ፖምፓና የጎማ መፈልቀቂያ ከእጁ ጋር የተወለደ ይመስላል። ጎማው ውስጥ የተገኘውን ሚስማር አገላብጦ አይቶ የሾፌሩን ጠባይ፣ የጭነቱን ክብደት፣ አንዳንዴም ሾፌሩ ከሚስቱ ጋር መጣላቱን ይናገራል ይባልለታል። ራሱ ካሕሱ ግን ይህን ሁሉ ሲናገር የሰማው ሰው የለም፤ «አየሩ በቃው» እና «ሂድ በደህና» ከሚሉት ሌላ ቃል በቀን ካወጣ ያ ቀን በዓል ነው።

ወልድያ ይወለድ እንጂ ዕድሜውን የፈጀው ምጽዋ ነው። እዚያ ወደቡ አጠገብ በነበረ አንድ አሮጌ ሆቴል ሳሎን ውስጥ ግድግዳ የሚያክል የመስታወት ገንዳ ነበር። የባሕር ዓሣ ይዋኝበታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው፣ ያጸዳውና ያበላው ካሕሱ ነው። ሚስቱ እዚያው ሞተች። ብርኽቲ፣ አንድ ልጁ፣ በ1969 አንድ ጠዋት ገበያ ደርሼ መጣሁ ብላ ወጣች፤ ገበያው ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። በረሃ ወረደች አሉ፤ ሌላ ያለ የለም። በማግሥቱ ዓመት ምጽዋ ጦርነት ሲገባባት ካሕሱ ወደ አባቱ ቤት ወደ ወልድያ ተመለሰ። ዘመዶቹ ግማሾቹ መቃብር፣ ግማሾቹ አዲስ አበባ ገብተው ነበርና የጠበቀው ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ብቻ ነው። የቀበሌው ቅጽ ላይ «የልጅ ብዛት» በሚለው አንድ ብሎ ሞላ፤ «አድራሻ» በሚለው ላይ «አይታወቅም» አለ። ቀበሌ ደግሞ «አይታወቅም» የሚል ቃል አይረሳም።

ዓሣው የመጣው እንዲህ ነው። ሲራጅ የሚባል፣ ከአሰብ ጭነት የሚያመጣ ሾፌር አለ፤ የካሕሱ ደንበኛ ነው፤ ሳቁ ከመኪናው ጥሩምባ ይበልጣል። ካሕሱ አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርጎ አንድ ጠርሙስ የባሕር ውሃ እንዲያመጣለት ለመነው። ለምን ቢለው ለማሽተት ነው አለ። ሲራጅ ይህን ሰምቶ አልሳቀም። በሚቀጥለው ጉዞው ጠርሙስ ሳይሆን አንድ ሙሉ በርሜል የባሕር ውሃ፣ አናቱ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓሣ ይዞ መጣ። እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ፣ እንደ አደይ አበባ ቢጫ፣ ጉንጫቸው ላይ ሰማያዊ ጥላ ያረፈባቸው። የምጽዋ መርከበኞች ቢራቢሮ ይሏቸዋል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት።

ካሕሱ መስታወት በብረት ማዕዘን አያይዞ፣ በስቱኮ ደፍኖ ገንዳ ሠራ። መብራቱ ሲፈልግ የሚመጣ ሲፈልግ የሚቀር በመሆኑ አየር የሚሰጥበት ዘዴ ከሙያው መጣ፦ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ከመነዳሪው፣ በፖምፓ ይነፋል፤ ከመነዳሪው በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይተነፍሳል፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላም ይሟሽሻል፤ እንደገና ይነፋል። ለሙቀት ደግሞ የፈላ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ገንዳው ውስጥ ይንሳፈፋል። ሦስት ዓመት ያህል ሦስት ሆነው ኖሩ፤ ሁለት ዓሣና አንድ ጎሚስታ።

ባለፈው ዓመት አንደኛዋ ዓሣ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣባት። በዓይን የማይታይ ተባይ ነው፤ ቆዳና ስንጥብ በሚባለው መተንፈሻ ላይ ተጣብቆ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣል። ሆቴሉ ውስጥ መድኃኒቱ መዳብ ነበር። ካሕሱም ከአሮጌ ዲናሞ የመዳብ ሽቦ ፈትቶ ውሃው ውስጥ ነከረ። ተባዩ ሞተ፤ በሦስተኛው ቀን ዓሣዋም ሞተች። መዳብ ጠንካራውን ዓሣ ያድናል፣ እንደ ቢራቢሮ ያለውን ስስ ግን ይገድላል፤ ይህን ካሕሱ ያወቀው በቀበራት ቀን ነው። ሁለተኛዋ ውሃው ሁሉ ተቀይሮላት እንደ ምንም ተረፈች። ከዚያ ወዲያ አንድ ጥግ ይዛ ትውላለች፤ ምግብ ሲወድቅላት እንኳ ቆይታ ነው የምትመጣ።

በመጋቢት ሲራጅ ሌላ ቢራቢሮ ይዞ ከች አለ። ለሙሽራህ ሚዜ አመጣሁ ብሎ ጀሪካኑን በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ሊገለብጠው ሲል ካሕሱ እጁን ያዘው። ሀብሩ ወረዳ ያለ ገበሬ ከግራና ገበያ የገዛውን በሬ ከከብቶቹ ጋር በዕለቱ ይቀላቅላል ወይ ብሎ ጠየቀው። ሲራጅ የገበሬ ልጅ ነው፤ አይቀላቅልም አለ፤ እበቱን እስኪያይ፣ ሳሉን እስኪሰማ ለብቻው ያስረዋል።

«ዓሣም ይስላል እንዴ?» አለ ሲራጅ።

«ይስላል፤ የሚሰማው ጠፍቶ ነው» አለ ካሕሱ።

እንግዳዋ በተቆረጠ የፕላስቲክ በርሜል ለብቻዋ ገባች። አርባ ቀን ተቆረጠላት። ካሕሱ ለበርሜሉ ለብቻው ጣሳ፣ ለብቻው ጨርቅ መደበ፤ ከበርሜሉ ወደ ገንዳው ሳያልፍ በፊት እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠባል። ቄስ ለቅዳሴ እንኳ እንዲህ አይነጻም። የበርሜሉ አንዲት ጠብታ ገንዳው ውስጥ ከገባች ተባዩም አብሮ ገባ ማለት ነውና፣ ያቺ ብቻዋን የቀረችው ዓሣ ከሞተች ደግሞ ካሕሱ ወደ ቤቱ የሚገባበት ምክንያት የለውም።

በአምስተኛው ቀን ነጩ ነጥብ እንግዳዋ ላይ ታየ። ጎኗን በበርሜሉ ግድግዳ ታክክ ጀመር። ካሕሱ መጀመሪያ ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ነከራት፤ የፈላና የቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ ከበርሜሉ ጋር የተስተካከለ ውሃ። ተባዩ ጨው ሲያጣ ይፈነዳል። ዓሣዋ በጎኗ ተኛች። አምስት ደቂቃ ማለት ሦስት መቶ ነው፤ ካሕሱ በአማርኛ መቁጠር ጀምሮ መቶ ላይ ሲጠፋበት በትግርኛ ጨረሰው። ስትመለስ ዋኘች። በሦስተኛው ቀን ግን ነጥቡ ተመልሶ መጣ፤ ከቆዳ ሥር የተሸሸገውን ጨው አልባ ውሃ አያገኘውም። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የመዳብ ሽቦ አየው፤ አውርዶም ወደ ውጭ ወረወረው። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው፦ የሆቴሉ ፈረንጅ ኃላፊ ለስስ ዓሣ መዳብ አያስነካም ነበር፤ የወባ መድኃኒት ነበር የሚበጠብጥ።

የወባ መድኃኒት ያለው መርሳ ነው። የወባ ሠራተኛው ጀብሪል ይባላል፤ የሀብሩን ቆላ ሁሉ ጀርባው ላይ ባዘለው መርጫ ያዳረሰ ሰው ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ትኩሳት አለኝ ያለ ጣቱ ይወጋል፣ ደሙ መስታወት ላይ ይቀባል፣ አራት ክኒን ጀብሪል ፊት ይውጣል። ካሕሱ ትኩሳት አለኝ አለ። ተወጋ። አራቱንም ክኒን ከምላሱ ሥር ሸሸገና አመስግኖ ወጣ። ክሎሮኪን የቀመሰ ሰው ያውቀዋል፤ ሬት ከእሱ ጋር ሲወዳደር ማር ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ሒሳብ ሲለው ካሕሱ በዓይኑ መለሰ፤ ወልድያ እስኪገባ ፊቱ ተጨማድዶ ተጨማድዶ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ሆነ። መሐረቡ ላይ ሲተፋው ክኒኑ ገንፎ ሆኗል።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ሄደ፤ አራት ክኒን ተሰጥቶት እንደገና ጎረሰ። ጀብሪል በትሕትና፣ «አያ ካሕሱ፣ እስቲ ምላስዎን ያንሱልኝ» አለው። አነሣ። አራቱም ክኒኖች ተሰልፈው ቆመዋል።

«ደምዎ ከእኔ ደም ይልቅ ንጹሕ ነው። ለማን ነው መድኃኒቱ?»

«ለዓሣ።»

ጀብሪል አልሳቀም። ሀብሩ ውስጥ ክኒን ለበቅሎ የሰጠ አይቷል፤ ለማትጥል ዶሮ የፈጨም አይቷል። ዓሣም የአላህ ፍጥረት ነው አለ። ችግሩ መዝገቡ ነው፤ ከደሴ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ስንት ዓሣ ወባ ያዘው ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል? የካሕሱ ስም እንደሆን በሦስት ቀን ውስጥ ሁለቴ አይጻፍም።

«ከቤትዎ የሌላ ሰው ስም ይስጡኝ፤ የማንም ይሁን» አለው።

ካሕሱ ወለሉን አየ። ተሰላፊው ማጉረምረም ጀመረ።

«ብርኽቲ» አለ።

ጀብሪል ዕድሜዋን ጠየቀ። ካሕሱ በጣቱ ቆጠረ። ስትወጣ ሃያ አንድ ነበረች፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ጨምሮላት አያውቅም ነበር። ሃያ ሰባት አለ። ጀብሪል ጻፈ፤ አሥራ ስድስት ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠውና፣ «አብሽር፣ አላህ ይማርልዎት» ብሎ ሸኘው።

አራት ክኒን ፈጭቶ፣ በጨርቅ አጥልሎ በርሜሉ ውስጥ አፈሰሰው፤ ውሃውን በቀየረ ቁጥርም እየፈጨ ጨመረበት። ይህ መድኃኒት ብርሃን ያደክመዋልና መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ነጥቡ በአራተኛው ቀን መቀነስ ጀመረ፤ ዓሣዋ ግን አልበላ አለች። ካሕሱ ከቧንቧው ሥር ካለው ጭቃ ቀይ ትል ቆፍሮ፣ አጥቦ፣ በምላጭ ከትፎ ያቀርብላታል፤ ትሉ በፊቷ ያልፋል፤ አታየውም። ወልድያ በሙሉ ምሳ በሚበላበት ሰዓት እሱ ጨለማው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለ ምጽዋ ያወራላታል፤ በትግርኛ፣ ምክንያቱም የምጽዋ ወሬ በሌላ ቋንቋ ሲያወራው ይደርቅበታል። ዘነበች ከግድግዳው ወዲያ የምትሰማው ይህንን ነው። እንግዳዋ አሥር ቀን ጾመች። በአሥራ አንደኛው አንዲት ቁራጭ ትል ጎርሳ ተፋች። ካሕሱ መትፋቷን እንደ ምሥራች ቆጠረው።

ወሬው ካሕሱ ጆሮ የደረሰው በሃያ ሰባተኛው ቀን ነው። የጭነት መኪና ጎማ በሁለት እጁ አቁሞ ይዞ ሳለ ዘነበች ጠጋ አለችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አያ ካሕሱ፣ ብርኽቲ መጣች አሉ። እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለችው።

ካሕሱ ጎማውን ለቀቀው። ጎማው አስፋልቱን ይዞ ብቻውን ቁልቁል ተንከባለለ፤ ሦስት ፍየል በተነ፣ አንድ የሽንኩርት ጉልት አፈረሰ፤ መርሳ ላይ ነው ያቆሙት ያሉም አሉ። ካሕሱ አላየውም። የውጭውን በር ከፈተ፤ የጓዳውን በር ከፈተ። ጨለማ ነው። ቡል ቡል ይላል። አልጋው ባዶ ነው። ከበሩ ኋላ አየ። የጓሮውንም በር ከፍቶ አየ። ከዚያ ተመልሶ፣ ከመጣሁ አይቀር ብሎ ፖምፓውን አነሣና ከመነዳሪውን ነፋ።

ሲወጣ ለዘነበች እውነቱን ነገራት፤ የታመመችው ዓሣ ናት አላት። ዘነበች ለማንም አልናገርም አለችው። ለሚታመን ሰው ብቻ ነገረች፤ ወልድያን ደግሞ በሙሉ ታምናለች። የዓሣውን ነገር ግን ያመነ አልነበረም፤ የእሷም ሁለት ልብ አንድ ሆነ፦ ጓዳው ውስጥ ሰው የሌለው ሰው እንደዚያ አይሮጥም።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ጠዋት የቀበሌው ሊቀ መንበር ሽፈራው ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ሽፈራው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የቀበሌ ማኅተም ኪሱ ውስጥ ካለ ሰው ክፋት አይጠበቅም፣ ትጋት ይበቃል። ብርድ ልብሱን ገፈፉት፤ ከአልጋው ሥር፣ ከጣሪያው በላይ፣ ከጎማ ክምሩ ውስጥ ፈለጉ። በመጨረሻ የቀሩት ሁለቱ ውሃዎች ናቸው። ሽፈራው ሬዲዮ ወይም መሣሪያ ተደብቆ ይሆናል ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና በርሜሉን እስከ ክርኑ ፈተሸው። ከዚያ ወደ መስታወቱ ገንዳ ዞረ።

«ጓድ ሽፈራው፣ እዚህኛው ውስጥ እጅዎን አያስገቡ» አለ ካሕሱ። «እባክዎ፤ ሳሙና ላምጣልዎት፣ መጀመሪያ ይታጠቡ።»

በዚያ ዘመን አንድን የቀበሌ ሊቀ መንበር «እዚህ እጅዎን አያስገቡ» ማለት ሽጉጡ እዚህ ነው ብሎ እንደመጠቆም ነው። ሽፈራው ውሃ የሚንጠባጠበውን ክንዱን እስከ ብብቱ ሰደደው። የያዘው አንድ እፍኝ አሸዋ ነው። ቢጫዋ ዓሣ በክንዱ ዙሪያ ትዞራለች።

በሽተኛዋ የት አለች ብሎ ጠየቀ። ካሕሱ በርሜሉን አሳየው። ሽፈራው ዓሣዋን ብዙ ጊዜ ተመለከታት፤ ማስታወሻው ላይ «ሰው አልተገኘም» ብሎ ጻፈ፤ ስለ ዓሣው ምንም ሳይጽፍ ወጣ።

ካሕሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የሠላሳ ሦስት ቀን መለየት በአንድ እርጥብ ክንድ ፈረሰ። የበርሜሉ ውሃ ገንዳው ገብቷል፤ ተባይ ቀርቶ ከሆነ አሮጌዋም ይዟታል፤ ይያዛት አይያዛት የሚታወቀው ደግሞ ነጥቡ ሲወጣ፣ ማለትም ሲመሽባት ነው። ስድስት ክኒን ቀርቶታል። ለሁለት ውሃ አይበቃም፤ ለአንድ ይበቃል። አሮጌዋ ግን ከስታለች፤ አሥር ቀን መጾም ትችላለች ወይ? ያለፈውን ዓመት ሽቦ አሰበ። እኩለ ቀን እስኪሆን አልተነሣም።

ከዚያ የበርሜሉን ውሃ ግማሹን ሲራጅ ባመጣው አዲስ የባሕር ውሃ ቀየረ፣ አራት ክኒን በጠበጠ፣ ብርድ ልብሱን መልሶ ሰቀለ፣ አሮጌዋን በጣሳ አንሥቶ ከእንግዳዋ ጋር ጨመራት።

ሙሽራና ሚዜ አልሆኑም። አሮጌዋ የጀርባዋን እሾህ አቁማ እንግዳዋን በበርሜሉ ዙሪያ አሯሯጠቻት፤ ካሕሱ ሁለተኛውን ስሕተት ሠራሁ ብሎ ራሱን ያዘ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የከተፈውን ትል ሲጥል እንግዳዋ አንዱን ጫፍ ያዘች፤ አሮጌዋ፣ ያቺ ለምግብ ሲጠሯት የምትኮራው፣ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ተጓተቱ። ትሉ ተበጠሰ። ሁለቱም ዋጡ። ካሕሱ ሌላ ከተፈ፤ ሌላም ከተፈ፤ የዚያን ቀን ጎማ የተነፈሰበት ሾፌር ሁሉ እስከ ማታ ቆሞ ጠበቀው።

ግንቦት ሲጋመስ ነጥብ የሚባል ነገር ሁለቱም ላይ አልነበረም። ካሕሱ ገንዳውን አጥቦ ሁለቱንም መለሳቸው፤ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደው። ከዚያም ወልድያ ከገባ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፦ ዳቦውን ይዞ ከመሄድ ፈንታ ዘነበች ሻይ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

ሻይ ቤቱ ተነሣለት። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡት፤ አንዱ ትከሻውን ቸብ አደረገው። ሽፈራው ዓሣ ያዝኩ ብሎ ስላላወራ ከተማው የቀረውን በራሱ ሞልቶት ነበር፦ ብርኽቲ ፍተሻው ሳይደርስባት በጓሮ በኩል ወጥታለች፤ አባቷ በክሎሮኪን አድኗት፣ በሁለት እግሯ ቆማ ነው የሄደችው። እግሮቿን መልሰውላታል። ማንም በክፋት አላወራውም። ካሕሱን በዚያች ሰዓት ጎሚስታው ብሎ የሚያየው አልነበረም፤ የብርኽቲ አባት ነው። አዎ ቢል፣ ዝም እንኳ ቢል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አግዳሚው ላይ ቦታ አለው።

ዘነበች ሻዩን አስቀመጠችለትና ጎንበስ ብላ፣ «ደህና ገባች?» አለችው። «ለእኛ ይንገሩን እንጂ፤ እኛኮ የራስዎ ሰዎች ነን።»

ካሕሱ ብርጭቆውን አልነካውም።

«አልመጣችም» አለ፤ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። «ብርኽቲ አልመጣችም። አልቆሰለችም፣ አልዳነችም፣ በጓሮም አልወጣችም። መዝገቡ ላይ ስሟን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ የምሰጠው ስም ስላልነበረኝ ነው። ታማ የነበረችው ዓሣ ናት፤ ድናለች። በሚያዝያ ወር እቤቴ ከጓድ ሽፈራውና ከሁለቱ ጠባቂዎች በቀር ሰው አልገባም።»